የመቃኑ ሰነድ

እኔ ነዳፊ ነኝ፤ ቤት በወረቀት ላይ የማቆም በመስመር፣
ደንበኞቼ ሁሉ አስቀድመው ሠርተው፣ ኋላ የሚመጡ ፈቃድ ለመማከር።
በቫልፓራይሶ፣ ከወደቡ በላይ፣ ኮረብታው ሲከመር፣
ቤት ቤትን አዝሎ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮን ደግፎት ለማደር፣
እንዲህ ነው አኗኗር።

ኤዱቪሂስ መጣች፣ መቶ ሠላሳ ሁለት ደረጃውን ወርዳ፣
የዓሣ ቅርፊት ገና ክንዷ ላይ ያበራል፤
ደብዳቤ ጨብጣለች፣ ልክ እንደ ሰው ዕዳ።
«ከቤቴ በስተኋላ፣ ያለ ፈቃድ ያቆምናት፣ አንዲት አለች ጓዳ፤
ትመዝገብ ይላሉ፣ አለዚያ ትናዳ።»

እርሳሴን ቀርጬ፣ የቆመውን ግድግዳ
«ሊሠራ የታሰበ» ብዬ ነደፍኩት፣ በነጠብጣብ መስመር።
ውሸት ነው፤ ግን ማዘጋጃ ቤት የሚወደው ውሸት፣
ልኬቱ የተጠበቀ፣ አንድ ለሃምሳ።
ልጅ የዳኸባት፣
ጉንፋን የታመመባት፣
ባልና ሚስት ተኳርፈው ጀርባ የተሰጣጡባት፣
ያቺ ክፍል በወረቀቴ ላይ ገና አልተፀነሰችም።

ከዚያ ደጅ ጥናት፤
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ቁጥር ሰባት።
አንደኛ ተመለሰ፦ የሰሜን ቀስት የለም፣ አቅጣጫው ጠፍቶበት።
(«ሰሜንማ» አለች፣ «ያጠብኩትን ልብስ ከገመድ የሚነጥቅ
ነፋስ አለ አይደል? እሱ ይፈርምበት።»)
ሁለተኛ ተመለሰ፦ ማኅተሙ ደብዝዟል።
ሦስተኛ ተመለሰ፦ ጎረቤት ይስማማ፣ ግድግዳ ይጋራል።
ከዶን ኢላሪዮ ጋር፣ በአንዲት ዶሮ ሰበብ፣
ከተኳረፉ እንኳን አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል፤
በሩን ሳይከፍት ፈረመ፣
ወረቀቱን በበር ሥር ገፋው፣ ቃልም አልተነፈሰ።

በአራተኛው ቀን የመስኮት ሰባቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«ክፍሏ ቆማለች አይደል?
እንግዲያው አዲስ አትበሏት። ከአሥር ዓመት ወዲያ የቆመ
በምሕረት ያልፋል፤
ማስረጃ ግን ይፈልጋል።»

ማስረጃ!
ሳንቃውን ባሏ ነው ከወደብ ያመጣው፣ ከተሰበረ ሣጥን፣ በትከሻው አዝሎ፤
የወዳደቀ እንጨት ደረሰኝ የት አለው?
ባሏስ? ወደ ሰሜን፣ ወደ መዳቡ ማዕድን ሄዶ
እዚያ ሌላ ቤት መሠረተ፤
የዚያኛውን ፈቃድ ማንም አልጠየቀው።

ተቆጣጣሪው ባራኦና ሐሙስ ዕለት መጣ፣
ደረጃውን ቆጥሮ እስከ ሰማንያ፣ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋው፣ ላቡ እየወጣ።
ጣራዋን ለካና ግድግዳዋን መታ፣ እንደ ሐኪም በጣት፤
«በቅሎ እንኳ ብትሆን ጥርሷን ባየሁ ነበር፤
የዚችን ዕድሜ ግን ከየት ላምጣት?»

ያስና፣ ልጅቷ፣ መቃኑን ተደግፋ ቆማ ነበርና፣
ዞር ብትል ገና፣
ከጀርባዋ ጭረት፣ በጭረት ላይ ጭረት፣ ከጭን ጀምሮ ወጥቶ ሽቅብ የሚያቀና፤
በየጭረቱ ጎን ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት፦
«ሁለት ዓመት፣ ኩፍኝ የለቀቃት ለት»፤
«አንደኛ ክፍል፣ አዲስ ጫማ አውልቃ»፤
«አባቷ የሄደ ሳምንት»፤
ከእሱ ቀጥሎ ያለው፣ ዓመት ሙሉ ቆይቶ፣ ከፍ ያለው በግማሽ ጣት።
(ምሕረቱ ለካ ከዓመቱ ጋር እዚያው ተጽፎ ኖሯል፣
እኛ መስኮት ለመስኮት ስንፈልግ።)

ባራኦና ሜትሩን ከኪሱ ዘረጋ፤ ተንበርክኮ ለካ።
«ሰማንያ አራት ሳንቲ ሜትር፤ አሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር»
ሲል ጻፈ በመዝገቡ።
ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣
«ነይ ቁሚ» አላት።
በመንግሥት እርሳስ፣ በአናቷ ልክ፣ አዲስ መስመር አሰመረ፣
ቀኑን ጻፈ፣ ፈረመ፣
ለማኅተም ኪሱን ዳበሰና ተወው።

ነጠብጣቤን ሁሉ በቀለም ደፍኜ ፕላኑን መለስኩት።
ይኸው ሁለተኛው ክረምት፤
መስኮት ሰባት ዛሬም «በሒደት ላይ ነው» ይላል።
ኤዱቪሂስ ቤቱን ቀለም ስትቀባ መቃኑን ዘለለችው፤
ያስና ግን ከመንግሥት ፊርማ በላይ
አድጋለች፣ አራት ጣት።